አቤት

ፊደል ነው ያጎራበተን እንጂ ዘመድ አይደለንም፤
ከ«የ» ቀጥሎ «ደ» ባይመጣ፣
ስሙን ሳላውቅ ዓመቱ ያልቅ ነበር ምናልባትም።
ሃምሳ አንድ፣ ይመር ሙሄ። ሃምሳ ሁለት፣ ደርሰህ፣ እኔ።
አንድ እግሩ ያጠረ ዴስክ፣
አንዴ ወደ እሱ ያዘነብላል፣ አንዴ ወደ እኔ።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ወረባቦ፣ ሰኞ ረፋድ ወደ ሐይቅ፤
አንድ ቁና የማሽላ ዱቄት፣ ሽሮ በላስቲክ፣ የሳምንት ስንቅ፣
አቧራ የጠጣ ቅንድብ፣ ከቅንድቡ ሥር አንድ ሳቅ።
የሰኞ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ግን ሒሳብ ነው፤
መምህር ጣሰው የቀረ ይሰርዛል፣
ስም ሲጠራ እንደ ዝናብ ነው፣ አያቋርጥም።

«ይመር ሙሄ!»
አንገቴን ደብተሬ ላይ ደፍቼ፣ ድምፄን አወፍሬ፣
«አቤት!»
«ደርሰህ ካሳ!»
በራሴው ቀጭን ድምፅ፣
«አቤት።»
ሰኞ ሰኞ ሁለት ሰው ነበርኩ።
ኪራዩ ሸንኮራ ነው፣ ለአንድ አቤት አንድ አንጓ፤
ሰጥቶኝ ሲያበቃ ግማሹን ራሱ ይበላዋል።

የደጋ ልጅ፣ ውሃ ይፈራል።
እኛ ከሐይቁ ስንዋኝ እሱ ልብስ ጠባቂ ነው፣
ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፤
«ከጉልበት በላይ የሆነ ውሃ ለሰው አልተፈጠረም» ይላል።

ውጤት ተለጠፈ። ለእኔ ደረሰኝ።
እሱ በሦስት ነጥብ ቀረ።
ግድግዳውን ትንሽ አየና፣
«ሦስት ነጥብ እኮ» አለ፣ «ወሬው ሳያልቅ ነው የሚደረገው»፤
ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ፣
ምን እንደሳቅሁ እንጃ።

በጥቅምት፣ ከወረዳው ግቢ፣ አይሱዙ ሙሉ ጎረምሳ።
ቆሞ፣ የጎኑን ብረት ይዞ፣ እጁን ወደ እኔ አነሣ፤
«ደርሰህ! ሰኞ ከዘገየሁ…»
ቀሪውን ሞተሩ ዋጠው።

ወረቀቱ ቀበሌ የደረሰው በሁለተኛው ዓመት ነው።
«በግዳጅ ላይ» ይላል፤ የቦታው ስም የለም፣
ቀኑም በሌላ ቀለም ነው።
ዳገቱን ወጥቼ ዱዓው ላይ ተቀመጥኩ፤
አባቱ ወረቀቱን አጣጥፎ ከኪሱ፣
አውጥቶ ዘርግቶ፣ አጣጥፎ ወደ ኪሱ።
ማንበብ አይችልም። «አንተ አንብብልኝ» አለኝ፣
ሦስት ጊዜ።

ሌሊት አንድ ነገር አያስተኛኝም።
ጦርነቱ ጋብ ሲል ስም ይጠራል አሉ፣
ጸሐፊው፣ በባትሪ ብርሃን፣ ከረጠበ መዝገብ።
«ይመር ሙሄ!»
አጠገቡ አንድ «ደ» አልነበረም?
አንድ ደጉ፣ አንድ ደሳለኝ፣
ድምፁን አወፍሮ፣ ለአንዲት ሰኞ ብቻ
የሚሰርቅለት?

አሁን ጠመኔው በእኔ እጅ ነው።
ያው ክፍል፤ ዴስኩ ተቀይሯል፣ መስኮቱ አልተቀየረም።
የአንደኛዋን ስም ስጠራ ጉሮሮዬ ይደርቃል፦
ሀዋ ሙሄ፣ እሱ ሲሄድ ጡት ያልጣለች፣
ያንኑ ቅንድብ ይዛ የመጣች።
ለወረባቦ አሁን ባጃጅ አለው ይባላል፤
ስንቁ ግን ዛሬም በጀርባ ነው።

ሰኞ ነው። መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ።
«አንድ። ሀዋ ሙሄ!»
ዝም። ከዚያ ከኋላ፣ እጅን አፍ ላይ አድርጎ፣
ወፈር ያለ፣ የተሠራ ድምፅ፣
«አቤት!»

የሀዋን ድምፅ አውቀዋለሁ።
እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆመ፣
ትንሽ ነጥብ እስኪያወጣ።
ቀና አላልኩም።
ራይት አደረግሁ።
«ሁለት። ሉባባ አራጌ!»
«አቤት።»
ያው ድምፅ፣ ቀጠን ብሎ።